አንድ ሞገድ ለሁለት ከተማ

ቅዳሜ፣ ጳጉሜን ፫ ቀን ፳፻፲ ዓ.ም.፣ ከምሽቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት፤ የዋሻ አምባ ሬዲዮ ጣቢያ ሥራ አስኪያጅ አቶ ደምመላሽ የጣቢያው የዐሥረኛ ዓመት በዓል ከሚከበርበት አዳራሽ ወጥተው ቢሯቸው ውስጥ ከረባት ይቀይራሉ፤ ከቆላው ከሎሚ ዳር ሬዲዮ ጣቢያ የመጣችው መሐንዲስ መቅሊት በሩ ላይ ቆማ ትሞግታቸዋለች።

ደምመላሽ፦ አልቀንስም አልኩሽ። ደግሜ እንድናገረው ከፈለግሽ ደግሜ እናገረዋለሁ። ይልቅ ይኼ ሰማያዊው ይሻላል ወይስ ባለ መስመሩ?

መቅሊት፦ አቶ ደምመላሽ፣ እኔ ከረባት ለመምረጥ አልመጣሁም። ፀሐይ ልትጠልቅ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልቀራትም። የምጠይቅዎት ነገር አንድ ነው፤ ፀሐይ ስትገባ የማሰራጫችሁን ኃይል ከዐሥር ኪሎ ዋት ወደ አንድ ዝቅ አድርጉልን። ጣቢያው ከተከፈተ ጀምሮ ስታደርጉት የኖራችሁትን ነው።

ደምመላሽ፦ እኔ እስክሾም ድረስ በይ።

መቅሊት፦ እርስዎ እስኪሾሙ ድረስ። ከዚያ ወዲህ አንድም ምሽት ዝቅ አላለም።

ደምመላሽ፦ ምስጋናው ነው የቀረብኝ። እዚህ ቢሮ ስገባ ምን እንዳገኘሁ ታውቂያለሽ? ፀሐይ ባዘቀዘቀች ቁጥር እንደ ሙሽራ የሚሽኮረመም ጣቢያ። ዝቅ ማለቱስ ይሁን፤ ተሰናብቶ ነው እኮ ዝቅ የሚለው። «የሎሚ ዳር ወገኖቻችን፣ ምሽቱ የእናንተ ነው፤ በሰላም እደሩ» ተብሎ በየቀኑ በማይክሮፎን ይነበባል። ኪራይ ያለቀበት ሰው ቤት ሲያስረክብ ይመስላል።

መቅሊት፦ ያንን ቃል የጻፉት ከእርስዎ በፊት እዚህ የነበሩት ጋሽ ይልቃል ናቸው። የእኛ ሰዎች እርሱን ሲሰሙ ሬዲዮናቸውን ወደ ደጅ ያወጡ ነበር። የጨዋ ቃል ነው ይሉታል።

ደምመላሽ፦ ጋሽ ይልቃል ሰው ሲያስነጥስ ይቅርታ የሚጠይቁ ሽማግሌ ነበሩ። ጣቢያ በይሉኝታ አይመራም። እኔ ስፖርት ጽሕፈት ቤት ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ሜዳውን ለተጋጣሚው ለቅቆ የሚወጣ ቡድን አይቼ አላውቅም።

መቅሊት፦ እኛ ተጋጣሚዎቻችሁ አይደለንም።

ደምመላሽ፦ ታዲያ ምንድን ናችሁ? የሞገዱ ቁጥር የእኛ ነው። አንድ ሺህ አንድ መቶ ስልሳ አንድ። በፈቃዳችን ላይ ተጽፏል፤ በራችን ላይ ተሰቅሏል፤ ዛሬ ደግሞ በኬኩ ላይ በክሬም ተጽፎ ቀርቧል።

መቅሊት፦ በእኛም ፈቃድ ላይ ያው ቁጥር ነው ያለው።

ደምመላሽ፦ ሌላ ጠይቁ እንግዲያ። ቁጥር አለቀ?

መቅሊት፦ ከሞላ ጎደል አልቋል። የመካከለኛ ሞገድ ቁጥሮች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ የሚካፈላቸው ደግሞ አገሩ ሁሉ፣ ጎረቤት አገሩም ጭምር ነው። ስለዚህ አንድ ቁጥር ተራርቀው ላሉ ጣቢያዎች ይሰጣል። ቀን ቀን አንዳችን ሌላችንን አንነካም። ድምፃችሁ ምድር ለምድር እየሄደ ተራራውና ቆላው ይጨርሰዋል፤ የእኛም እንዲሁ። ሲመሽ ግን የላይኛው አየር ጠባዩን ይለውጣል። ቀን የዋጠውን ሞገድ ማታ መልሶ ወደ ምድር ይወረውረዋል። ያን ጊዜ ከዋሻ አምባ ወደ ሰማይ የወጣው ድምፅ ነጥሮ እኛ ላይ ያርፋል።

ደምመላሽ፦ ዛሬ ደግሞ ሩፋኤል ነው። ሰማዩ የሚከፈትበት ዕለት። ይንጠርልኝ እንጂ።

መቅሊት፦ ሰማይ የሚከፈተው ለጸሎት ነው ሲባል ነው ያደግሁት። ለዘፈን ምርጫ ነው ያለኝ ሰው የለም።

ደምመላሽ፦ አፍሽ ስል ነው። ትምህርት ቤት አንደኛ ትወጪ ነበር፣ አይደል?

መቅሊት፦ እወጣ ነበር።

ደምመላሽ፦ ያስታውቃል። አንደኛ የሚወጡ ልጆች ዓለም ሁሉ ፈተና መስሎ ይታያቸዋል፤ ትክክለኛውን መልስ ከተናገሩ የሚበቃ ይመስላቸዋል። ልንገርሽ፤ ከሎሚ ዳር ከተማ በየማታው ስንት ሰው እንደሚደውልልኝ ብታውቂ አፍረሽ ትመለሺ ነበር። የጭነት ሹፌሮች፣ ባለ ሆቴሎች፣ መምህራን። «እንደ ጎረቤት ነው የምንሰማችሁ» ይሉኛል። ትናንት የወረዳ ጣቢያ ነበርን፤ በእኔ ዘመን ቆላ ድረስ ተሻገርን። በዛሬው ንግግሬ ውስጥ አለ፤ ሁለተኛው አንቀጽ።

መቅሊት፦ እርሱን በአደባባይ ሊያነቡት ነው?

ደምመላሽ፦ ከፍ ባለ ድምፅ።

መቅሊት፦ አቶ ደምመላሽ፣ እርስዎ ዝና ብለው የሚያነቡት የጥፋትዎን ማስረጃ ነው። የሰው አጥር ጥሶ የገባ ሰው ቢያንስ ድምፁን አጥፍቶ ይወጣል። እርስዎ ግን ከጓሮው መሐል ቆመው መድረስዎን ያበስራሉ።

ደምመላሽ፦ ይኸው፤ የሚደውሉልኝ ወደውኝ ነው ስልሽ ጥፋት አደረግሽው።

መቅሊት፦ የሚደውሉልዎት ከተማ ውስጥ ያሉት ናቸው። ስልክ አላቸው፤ መኪናቸው ላይ ረጅም አንቴና አላቸው፤ ደስ ሲላቸው እርስዎን፣ ሲሰለቹ ሌላውን ይከፍታሉ። እኔ የመጣሁት ስለ እነርሱ አይደለም። ከከተማው በታች፣ በጉማሮ ወንዝ ግራና ቀኝ ስላሉት ሰዎች ነው። እዚያ የስልክ መስመር አይሠራም። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ትንሽ ሬዲዮ ነው ያላቸው። ከምሽት ጀምሮ ከእርሱ የሚወጣው ድምፅ የእርስዎም የእኛም አይደለም። ፉጨት ነው። ከፉጨቱ ሥር የእናንተ ከበሮ ይሰማል፣ ከላይ የእኛ ዜና አንባቢ የተቆራረጠ ቃል።

ደምመላሽ፦ ደህና ሬዲዮ ይግዙ።

መቅሊት፦ ደህናው ሬዲዮ ሁለታችንንም አጥርቶ ያሰማቸዋል። የባሰ ነው።

ደምመላሽ፦ እሺ፣ ባለ መስመሩን አሰርኩት። ይኼ ደግሞ ይግባልሽ፤ የቀየርኩት ስላስጠላኝ አይደለም። የበዓሉ ክቡር እንግዳ ከመኪና ሲወርዱ አየሁ፤ ያሰሩት ከእኔው ጋር አንድ ዓይነት፣ ቀለሙ ሳይቀር። ጎን ለጎን ተቀምጠን መንታ ልንመስል ነው። ከበላይ ጋር አንድ ዓይነት አይታሰርም። ሮጬ መጣሁ።

መቅሊት፦ ለእርሳቸው ከረባት ለመልቀቅ ሮጡ። ምሽቱን ለእኛ መልቀቅ ግን ውርደት ሆነብዎ።

ደምመላሽ፦ ልዩነቱን የምታውቂው ሹመት ስታገኚ ነው።

መቅሊት፦ ዛሬ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ የጉማሮ ግድብ በሮች ይከፈታሉ።

ደምመላሽ፦ ይከፈቱ።

መቅሊት፦ ሐይቁ ከልኩ አልፏል። አንድ ሌሊት እንኳ እንዲያቆዩልን የግድቡን ሰዎች ለምነን ነበር፤ ግድቡ አይችልም አሉን። እኔ ትናንት ከቤቴ ስነሣ ይህን አላውቅም ነበር፤ ለደብዳቤዎቻችን መልስ ስላልሰጡን በአካል ልለምንዎ ነው የተነሣሁት። ዛሬ ረፋድ ላይ አውቶቡስ ውስጥ ሳለሁ ነው ከጣቢያችን የደወሉልኝ።

ደምመላሽ፦ እና እኔ የግድብ ዘበኛ ነኝ?

መቅሊት፦ ይስሙኝ። ግድቡ ከተሠራ ወዲህ ወንዙ ክረምትም ቢሆን ወገቡ ቀጥኗል። ዳርና ዳሩ የተጋለጠው ደለል ለምለም ሣር ያበቅላል፤ ሰዎቹ ከብቶቻቸውን ይዘው ከነቤተሰባቸው እዚያው ያድራሉ። የት እንደሚያድሩ የሚወስኑት በእኛ ነው። በየምሽቱ ዐሥራ ሁለት ተኩል ላይ «የውሃው ወሬ» የሚል አጭር ፕሮግራም አለን። ውሃው ይቀንሳል ካልን ደለሉ ላይ ያድራሉ፤ ይመጣል ካልን ወደ ጉብታው ይወጣሉ። ሌላ ነጋሪ የላቸውም። ስድስት ወር ሙሉ በእናንተ ፉጨት ውስጥ እየገመቱ አደሩ። ዛሬ የሚገመት ነገር የለም። ካልሰሙ ተኝተው ነው ውሃው የሚያገኛቸው።

ደምመላሽ፦ መንግሥት የለም? ፖሊስ ላኩ። የቀበሌ ሊቀ መንበር ያለው ለምንድን ነው?

መቅሊት፦ መንገድ ባለበት ወገን ሞተር ብስክሌት ሄዷል። ወደ ማዶው የሚያደርስ መንገድ የለም።

ደምመላሽ፦ ቀላል ነገር ታካብጃለሽ። ጻፊና ስጪኝ፤ እኛ እናነበዋለን። እንደ ማር የሚፈስ ድምፅ ያላት አንባቢ አለችኝ። ከክቡር እንግዳው ንግግር በኋላ፣ ከኬኩ በፊት።

መቅሊት፦ አይሰማም። ሁለት ድምፅ በአንድ ሞገድ ላይ ሲገናኝ ይበላላል ብዬዎታለሁ።

ደምመላሽ፦ እንግዲያስ እናንተ ዝም በሉ፤ እኛ እንናገር። ለምን ሁልጊዜ ዝም ባዩ እኛ እንሆናለን?

መቅሊት፦ ከሰማይ ተመልሶ የሚወርድ ድምፅ አይረጋም። ትንሽ ይጎላል፣ ከዚያ እየሟሟ ይጠፋል፣ ደግሞ ይመጣል። ለዘፈን ምርጫ ይበቃል፤ «ከእገሌ ለእገሊት» የሚለው ግማሹ ቢቀር የሚጎዳ የለም። የውሃ ወሬ ግን ግማሹ ከቀረ ባይነገር ይሻላል። ደግሞ ሰዎቹ የሚያምኑት የለመዱትን ድምፅ ነው። በዋሻ አምባ ጣቢያ «ውሃ መጣ» ቢባል የደጋ ሰው ቧንቧው ተከፈተለት ብለው ይተኛሉ።

ደምመላሽ፦ መልስ አታጪም መቼም።

መቅሊት፦ ሌላ የቀረኝ ነገር ስለሌለ ነው።

ደምመላሽ፦ እኔ ደግሞ አንድ ልጠይቅሽ፤ ይኼን ደግሞ ትምህርት ቤት አላስተማሩሽም። ከአቀበቱ ጀርባ ሦስት ቀበሌዎች አሉኝ። አንድ ኪሎ ዋት ባደረግሁ ማታ አይሰሙኝም። የእነርሱ ጆሮ ጆሮ አይደለም?

መቅሊት፦ እውነትዎን ነው። እነርሱ ይጎዳሉ።

ደምመላሽ፦ አመንሽ?

መቅሊት፦ ምን ያስክደኛል? መካፈል ማለት የሚጎድል ነገር አለው ማለት ነው። የእናንተ ጉድለት እነዚያ ሦስት ቀበሌዎች ናቸው። የእኛም አለን።

ደምመላሽ፦ የእናንተ የቱ ነው? እኛ ነን በየምሽቱ የምንጎነበሰው። እናንተ ለማን ጎንበስ ብላችሁ ታውቃላችሁ?

መቅሊት፦ ለእናንተ። በየንጋቱ።

ደምመላሽ፦ ምን?

መቅሊት፦ ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ እስክትወጣ ድረስ ዝቅ የምንለው እኛ ነን። ያ ሰዓት የእናንተ ገበሬ የአየር ጠባዩን የሚሰማበት ሰዓት ነው፤ ውርጭ መጣ፣ በረዶ መጣ፣ አዝመራችሁን ሰብስቡ የምትሉበት። ያኔ የእኛ ሬዲዮ ከከተማው ውጭ አይሰማም፤ ጎህ ሳይቀድ የሚነሡ የወንዝ ዳር ዓሣ አጥማጆች ምንም አያገኙም። ጋሽ ይልቃልና የእኛ አለቃ እጅ ለእጅ ተጨባብጠው ነው የተስማሙት፤ ምሽቱ ለቆላ፣ ንጋቱ ለደጋ።

ደምመላሽ፦ ይህን ማንም አልነገረኝም።

መቅሊት፦ በዚያ ሰዓት የሚነሣ ሰው ቢጠይቁ ይነግርዎት ነበር።

ደምመላሽ፦ አሁንም… እስካሁንም ዝቅ ትላላችሁ?

መቅሊት፦ ዛሬ ጠዋትም ብለናል።

ደምመላሽ፦ እኔ ምሽቱን ከወሰድኩባችሁ በኋላ?

መቅሊት፦ አዎ።

ደምመላሽ፦ እንግዲያስ ሞኞች ናችሁ። እኔ ብሆን በማግስቱ ነበር ንጋቱን የምነጥቅሽ።

መቅሊት፦ አውቃለሁ። ባልደረቦቼም እንዲያ ብለው ነበር፤ ሁለት ጊዜ ስብሰባ ተቀምጠንበታል። የዋሻ አምባ ገበሬ ምን አደረገን ብዬ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ማሳው ላይ ውርጭ ቢወርድበት የሚጎዳው እርሱ እንጂ እርስዎ አይደሉም። እርስዎ ማሳ የለዎትም።

ደምመላሽ፦ ምሳሌ ልትሆኚልኝ ነው የመጣሽው? ሰው ደግ ሲሆን ዝም ብሎ ነው የሚሆነው።

መቅሊት፦ ዝም ብለን ነበር። ዝም ስንል ንግግርዎ ውስጥ ሁለተኛ አንቀጽ ሆነን ገባን።

ደምመላሽ፦ ስሚ፣ ስሚ እስቲ ሬዲዮውን። ጭብጨባው ይሰማሻል? ክቡር እንግዳው ተነሡ። በቀጥታ ነው የሚተላለፈው። እኔ ከእርሳቸው ቀጥዬ ነኝ፤ ከዚህ በላይ ላቆይሽ አልችልም። ሰኞ ነይ።

መቅሊት፦ ሰኞ የምንነጋገረው ስለ ሌላ ነገር ይሆናል።

ደምመላሽ፦ ማስፈራራት ነው ይኼ?

መቅሊት፦ አይደለም። እኔ የሚያስፈራ ነገር በእጄ የለም። የሚሆነውን ብቻ ልንገርዎ። ነገ ሰው ይመጣል፤ ከከተማ፣ ከክልል፣ ከጋዜጣ። ከወንዙ የተረፈውን ይዘው ይጠይቁታል፤ «ማስጠንቀቂያው አልተነገረም?» ይሉታል። «ሬዲዮዬ ክፍት ነበር» ይላል። «ታዲያ ምን ሰማህ?» ይሉታል። ሰውየው የመካከለኛ ሞገድን ጠባይ አያውቅም፤ ኪሎ ዋት አያውቅም። የሰማውን ነው የሚናገረው። የዋሻ አምባን በዓል ሰማሁ ይላል። የክቡር እንግዳዎን ስም ይጠራል። ፕሮግራም መሪዎ በየዘፈኑ መሐል እያስጨበጨበ የሚያነሣውን የእርስዎንም ስም ይጠራል። ቆላ ድረስ መሰማት ፈልገው ነበር፤ ተሰምተዋል።

ደምመላሽ፦ የእርሳቸውንም ስም?

መቅሊት፦ በጥራት። እርሳቸው ድምፀ ጎርናና ናቸው፤ ፉጨቱን ያልፋሉ።

ደምመላሽ፦ ይኼማ አይሆንም። እርሳቸው ከዚህ ነገር ጋር ምን አገናኛቸው? ለእንግድነት የጠራኋቸውን ሰው…

መቅሊት፦ ዝቅ ካደረጉት ምንም አያገናኛቸውም። ከተማው ውስጥ ንግግሩ እንዳለ ይሰማል፤ እዚህ አንድም ቃል አይጎድልበትም። ቆላ ነው የማይደርሰው።

ደምመላሽ፦ እሺ። እሺ ብያለሁ። ለዛሬ ብቻ ነው፤ ለልምድ አይያዝብኝም። ለእናንተ ብዬም አይደለም።

መቅሊት፦ ለማንም ብለው ያድርጉት።

ደምመላሽ፦ ስልክ አያስፈልግም፤ ማሰራጫው ኮረብታው ላይ ስለሆነ በዚህ በእጅ ሬዲዮ ነው የምናዘው። የስፖርት ሰው ቢሉኝም የራሴን ዕቃ አውቃለሁ። ማሰራጫ፣ ማሰራጫ፣ ዋናው ቢሮ ነኝ። ኃይሉን ወደ አንድ ዝቅ አድርግ። … ማሰራጫ፣ ይሰማል? … ጋሻነህ። ዋናው ቢሮ ነኝ፤ እኔ ራሴ ነኝ።

መቅሊት፦ ለምን አይመልስም?

ደምመላሽ፦ ይመልሳል። ጆሮው ትንሽ… ጋሻነህ፣ ደምመላሽ ነኝ፣ ይሰማል?

መቅሊት፦ ተረኛው ቴክኒሺያን ጋሻነህ የሚባለው ነው?

ደምመላሽ፦ ሁልጊዜም እርሱ ነው። ማሽኑን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለንም።

መቅሊት፦ አሁን ማሰራጫው ቤት ውስጥ ለመኖሩ እርግጠኛ ነዎት?

ደምመላሽ፦ ማሰራጫ፣ ማሰራጫ…

መቅሊት፦ አቶ ደምመላሽ፣ ጋሻነህ የት ነው ያለው?

ደምመላሽ፦ አዳራሽ።

መቅሊት፦ ለምን?

ደምመላሽ፦ ትእዛዝ ነበር። ማንም ሠራተኛ ከበዓሉ እንዳይቀር ብዬ ነበር። አዳራሹ አራት መቶ ሰው ይይዛል፤ ክቡር እንግዳው ባዶ ወንበር እንዲያዩ አልፈለግሁም።

መቅሊት፦ ዐሥር ኪሎ ዋት ማሰራጫ ያለ ሰው ትተው የመጡት ወንበር ለመሙላት ነው?

ደምመላሽ፦ ማሽኑ እኮ ራሱን ችሎ ይሠራል። ስድስት ወር ማንም አልነካውም፤ መቀነስ ከቀረ ምን የሚነካ ነገር አለ?

መቅሊት፦ ዘበኛው ቁልፍ የለውም?

ደምመላሽ፦ ዘበኛውም አዳራሽ ነው። ከበሮ ይመታል። ቁልፉ በጋሻነህ ኪስ ነው።

መቅሊት፦ ይደውሉለት።

ደምመላሽ፦ ስልኮቹ በር ላይ ተሰብስበዋል። በንግግር መካከል የሚጮኽ ስልክ አልወድም፤ ቅርጫት አዘጋጅተን ሁሉም እየጣለ ገባ። እ… ቆይ፣ ስቱዲዮውን ዝም እናሰኘው። ድምፁን እዚሁ እንቁረጠው።

መቅሊት፦ ቢናገሩም ባይናገሩም ማሰራጫው ሞገዱን መላኩን አይተውም። ዝም ያለ ማሰራጫም ሌላውን ይጫናል። ፉጨቱ ከዚያ ነው የሚመጣው።

ደምመላሽ፦ መብራት ኃይል ደውዬ የኮረብታውን መስመር ላስቆርጥ።

መቅሊት፦ ጄኔሬተር የላችሁም?

ደምመላሽ፦ አለን። በእኔ ዘመን ነው የገባው። መብራት በጠፋ ቅጽበት ራሱ ይነሣል።

መቅሊት፦ ስለዚህ ጋሻነህ መውጣት አለበት። አዳራሹ ከዚህ ሕንፃ ጀርባ ነው፤ ዘፈኑ በመስኮት ይሰማ ነበር። አሁኑኑ ልጥራው።

ደምመላሽ፦ አያስገቡሽም። ክቡር እንግዳው ያመጧቸው ጠባቂዎች ናቸው በሩ ላይ ያሉት፤ የጥሪ ካርድ የሌለውን አያሳልፉም። ከንቲባውን እንኳ ካርዳቸውን ረስተው ፀሐይ ላይ አቁመዋቸው ነበር።

መቅሊት፦ የእርስዎን ካርድ ይስጡኝ።

ደምመላሽ፦ ስሜ አለበት። ፎቶዬም አለበት።

መቅሊት፦ ማስታወሻ ጽፈው ይላኩ።

ደምመላሽ፦ በማን? ተላላኪዋም እዚያው ናት። ነጭ ለብሳ አበባ ይዛለች።

መቅሊት፦ እንግዲያስ የሚገቡት እርስዎ ነዎት። ይግቡና በጆሮው ይንገሩት። ጋሻነህ የት ነው የተቀመጠው?

ደምመላሽ፦ አልተቀመጠም።

መቅሊት፦ የት ነው ታዲያ?

ደምመላሽ፦ መድረክ ላይ ነው። የሠራተኞቹ የመዝሙር ቡድን ከክቡር እንግዳው ኋላ ተደርድሯል፤ ንግግሩ ሲያልቅ የጣቢያውን መዝሙር ይዘምራሉ። ጋሻነህ ቁመቱ ረጅም ስለሆነ ከመሐል አቆምኩት። ለፎቶግራፍ።

መቅሊት፦ እዚያው ከጀርባቸው?

ደምመላሽ፦ ልክ ከትከሻቸው ኋላ። እርሱን ለመጥራት በእርሳቸውና በማይክሮፎኑ መሐል ማለፍ አለብኝ። በቀጥታ ስርጭት ላይ፣ አራት መቶ ሰው ፊት። ምን ልበላቸው? ቴክኒሺያን ጎድሎብኝ ነው ልበል? በራሴ በዓል? ሲጨርሱ እኔ ነኝ የምወጣው አልኩሽ፤ ያን ጊዜ ሳልፍ ሹክ እለዋለሁ።

መቅሊት፦ መቼ ነው የሚጨርሱት?

ደምመላሽ፦ እርሳቸው? ሲጀምሩ እንጂ ሲጨርሱ አይታወቅም። አሁን እንኳ ስሚ፤ ገና ሰላምታ እየሰጡ ናቸው። የሃይማኖት አባቶችን ገና አልጀመሩም።

መቅሊት፦ ጋሻነህ ወጥቶ ኮረብታው ላይ እስኪደርስ ሩብ ሰዓት ይፈጅበታል። እናቶች በዚህ ሰዓት ደለሉ ላይ እሳት አንድደው ልጆቻቸውን እያበሉ ነው፤ ሬዲዮኑን ከፍተው «የውሃው ወሬ» እስኪጀምር ይጠብቃሉ። ካልሰሙት እንደ ወትሮው ነው ብለው ይተኛሉ። ከዚያ በኋላ ብንጮኽም የሚሰማ ሰው አይኖርም።

ደምመላሽ፦ እኔን ምን እንደሚያደርጉኝ አታውቂም። ንግግራቸውን የሚያቋርጥ ሰው አይወዱም። አንድ ጊዜ ሳል የያዘው ሰው ከስብሰባ አስወጥተዋል። ለዞን ሹመት ስሜን ያቀረቡት እርሳቸው ናቸው፤ ዛሬ የመጡትም ሊያዩኝ ነው። ወጥቼ ያንን መድረክ ብረግጥ ነገ ወደዚያ ኳስ ቆጠራ ነው የምመለሰው።

መቅሊት፦ ይመለሱ ይሆናል። ደለሉ ላይ ያሉት ግን የሚመለሱበት የለም።

ደምመላሽ፦ አንቺ ይህን ለመናገር ቀላል ነው።

መቅሊት፦ ቀላል አይደለም። ካርድ ቢኖረኝ ሳልናገር ገብቼ ነበር። ፀሐይዋ ከኮረብታው ኋላ ገብታለች፤ መስኮቱን ይመልከቱ። ማብራሪያ አይጠበቅብዎትም፤ ይቅርታም በኋላ ይጠይቃሉ። መድረኩ ላይ ወጥተው አንድ ስም ብቻ ይጥሩ።

ደምመላሽ፦ ቆይ፣ አንዴ ልቀመጥ። ስሚ፣ የሃይማኖት አባቶችን ጀመሩ።

መቅሊት፦ አቶ ደምመላሽ፣ እባክዎ ይነሡልኝ።